ስንዱን የደበቅሁበት ጾም

ልጆቼን ትኩሳት በነካቸው ቁጥር ከሁሉ አስቀድሜ የማዛቸው አንድ ነገር አለ፤ አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ አሳርፉ እላለሁ። ትልቁ ልጄ ይስቅብኛል። ጥርሴን አመመኝ ብላት እንኳ አንገትህን አጎንብስ ትለኛለች እያለ ለጓደኞቹ ያወራል። ይሳቅ። እኔ አገጩ ደረቱን ሲነካ ካላየሁ ዓይኔ አይከደንም።

ባለፈው ጊዜ ትንሿን ልጄን ለማስከተብ መተማ ዮሐንስ ወስጃት ነበር። ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው ነው የሚከትቡት። ተራችን ደርሶ ስንገባ፣ በፀሐይ የጋለ የሸራ ሽታ ከስፒሪት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ የድንኳኑን ምሰሶ ያዝሁ። ነርሷ፣ የምትወጋው እኮ ልጅቷ ናት ብላ ሳቀችና ወንበር አቀረበችልኝ። መርፌ ፈርቼ እንዳልሆነ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንዴት ብዬ ላስረዳት? ያ ሽታ ወደ አንድ ዐቢይ ጾም ነው የመለሰኝ፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። መንደራችን ከኮኪት ወጣ ብላ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ መካከል ያለች፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መስጊድና አንዲት ሚካኤል ያላት መንደር ናት። ሚካኤል ያልሁት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ፣ ሰው ሲሞላው እንደ ምድጃ የሚፋጅ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባታችን ሚሊሻ ሆኖ ዘምቷል። እናታችን እኔንና የአምስት ዓመቷን እህቴን ስንዱን ይዛ ቀርታለች። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እናቷ መታመሟን የሚናገር መልእክት ከገለጉ መጣላትና ስንቋን ቋጠረች። መንገዱ የጭነት መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘም በእግር ነው፤ ለስንዱ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ሁለታችንንም ለእማሆይ ወለተ ማርያም አደራ ሰጠችን።

እማሆይ በሚካኤል አጥር ጥግ በሣር ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ሰውን የሚለዩት በድምፁና በአረማመዱ ነበር። እኔን ጫማ ጎታቿ ይሉኛል። ስንዱን ግን ዝም ብላ ብትቀመጥም ያውቋታል፤ አፍንጫዋን መሳብ አትተውም ነበርና።

እናቴ ልትሄድ ስትል አጎንብሳ ጆሮዬ ላይ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር።

«እህትሽን ለማንም እንዳትሰጪ። ከዓይንሽ እንዳትርቅ። ሰማሽ?»

ሰማሁ። ቃሏን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ያዝሁት።

በሽታው የገባው እሷ በሄደች በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ የሞቱት ሳሉጎች ናቸው፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ወርደው ሳይመለሱ የቀሩት የቀን ሠራተኞች። አንድ መጋዘን ውስጥ ተፋፍገው ነበር የሚያድሩት። ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ስሙን ስሰማ ከኋላ መጥቶ የሰው ማጅራት ጨምድዶ የሚይዝ ረጅም ሰውዬ መሰለኝና ውሃ ልቀዳ ስሄድ አሥር ጊዜ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር። ኬላው ተዘጋ፤ ከመተማ ዮሐንስም ሆነ ከገለጉ የሚመጣ ሰው ጠፋ። እናቴ በዚያ ማዶ ቀረች። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፤ በእሱስ ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ግን ግቢው ውስጥ ትልቅ የሸራ ድንኳን ተተከለና ከጎንደር የተላከ አንድ ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ረዳት ገባበት።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ይዘጋ አለ። ሰው አንድ ላይ አይሰብሰብ ተብሏል ብሎ አዋጅ አስነገረ። የሚካኤል አስተዳዳሪ መምሬ ተገኘ አጠር ያሉ፣ ጥምጣማቸው ከራሳቸው የሚበልጥ፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ሰው ነበሩ። ሊቀ መንበሩን በሰው ፊት፣ ታዲያ የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባም ይቀራል ማለት ነው? ብለው ጠየቁት። ከስብሰባ የቀረ ሰው ይቀጣ ስለነበር፣ የቆመው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ፊቱን ለማክበድ ሲታገል አየነው። በመጨረሻ ያስታረቃቸው ድሬሰሩ ነው። ይህ በሽታ በታፈነ ቤት ውስጥ ከትንፋሽ ወደ ትንፋሽ የሚሄድ ነው፣ ሜዳ ላይ ተራርቃችሁ ከቆማችሁ እኔ ጠብ የለኝም አለ።

እንዲህ ሆኖ ስለ በሽታው የተያዘው ምህላ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ሜዳው ላይ ካለ የሁመር ዛፍ ሥር ሆነ። ባለሱቁ ኡስማን፣ የመስጊዱ ሰውም ሜዳ ላይ መስገድ ስለጀመረ ሰሌን ከሱቁ አውጥቶ ነበርና ግማሹን ለኛ አበደረን። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሰው በየሰሌኑ ላይ ተራርቆ ቆሞ እግዚኦታ ያደርሳል። ጸበሉን ድሮ በአንድ ቅል እየተቀባበልን ነበር የምንጠጣው፤ አሁን ሁሉም ጣሳውን ይዞ ይምጣ ተባለ። የሳልሳ ጣሳ፣ የዘይት ጣሳ፣ አንዱማ የመኪና ግሪስ የነበረበትን አጥቦ ይዞ መጥቶ ጸበሉ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍበት ተሳቀበት። የኔ ሥራ ከፓምፑ ውሃ እየቀዳሁ ዛፉ ሥር ያለውን ጋን መሙላት ነው። ጄሪካኑ ትከሻዬን ይቆርጠኛል፤ ስንዱ ባዶ ጣሳዋን እያንቃጨለች ትከተለኛለች። የሁመሩ ፍሬ ከላይ ጠብ ሲል እኛ ልጆች አንስተን ፊታችን እስኪጨማደድ እንመጠዋለን። እማሆይ ቆመው እየጸለዩ፣ የማን ጥርስ ነው የሚሰማኝ፣ ጾሙን ማን ፈታው? ይላሉ። አፋችን እንደሞላ ማኘክ እናቆማለን።

ለሰው ከሁሉ የከበደው መስቀል መሳለም መቅረቱ ነው። ከንፈር አይንካው ተባለ። አሮጊቶቹ አለቀሱ። መምሬ ተገኘና ድሬሰሩ የተማከሩት ያን ጊዜ ነው። ድሬሰሩ እንዲህ ብሎ ነግሯቸዋል፤ በሽታው የያዘው ሰው አንገቱ ስለሚገተር አገጩን ደረቱ ላይ ማድረስ አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው ቶሎ መርፌ ካገኘ ይድናል፣ ካደረበት ግን ተስፋ አልሰጥም። መምሬም፣ አንተ በየጎጆው ዞረህ ማንን ታገኛለህ፣ ሰው ሁሉ እኔ ፊት በቀን ሁለቴ ያጎነብስ የለም ወይ አሉት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

ያኔ ያየሁት ሌላ ነው። ምህላው ሲያልቅ ሰው በተራ ይቀርባል፣ አገጩን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፣ መምሬ መስቀሉን ማጅራቱን ያስነኩትና በሌላ እጃቸው ግንባሩን ዳበስ ያደርጉታል። አብዛኛውን እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው ይሸኙታል። አንዳንዱን ግን እጁን ይዘው ቀስ ብለው፣ አንተ እዚህ ቆይ ይሉታል። ቆይ የተባለው ሰው ወደ ድንኳኑ ይወሰዳል።

እኔ የገባኝ መስቀሉ ሰው እንደሚመርጥ ነው። ኃጢአት ያለበት አንገቱ እምቢ ይለዋል፤ መስቀሉ ያውቅበትና ያስቀረዋል፤ የቀረው ድንኳን ገብቶ ይሞታል። ማስረጃም ነበረኝ። ከፓምፑ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ቆዩ ተብለው ሄዱ፣ በማግስቱ ተቀበሩ። ደግሞ አያ አንለይ ነበር፤ የሚካኤልን አጥር የሚያጥር የጎጃም ሳሉግ፣ ከማሽላ አገዳ አሻንጉሊት እየሠራ የሚሰጠን። ቆይ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑን አላየነውም። አጥሩም ግማሹ ታጥሮ ግማሹ ክፍቱን ቀረ። ለኔ ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ለካ ድሬሰሩ የዳኑትን በትምህርት ቤቱ በጓሮ በር እያስወጣ፣ ሂዱና ከሰው ራቅ ብላችሁ ረፉ ይላቸው ነበር። እኔ ጄሪካኔን ተሸክሜ የማየው በፊት በር የሚገቡትን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፓምፑ ስንመለስ ስንዱ መንገድ ላይ ተቀመጠች። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ አለች። ራሴን አለች። ጣሳዋን ጣለችው፤ ጣሳዋን ጥላ አታውቅም። እማሆይ ግንባሯን ዳብሰው ወባ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ በዚያ ሙቀትስ የማይግል የማን ገላ ነው? ለማንኛውም ምህላው ሲያልቅ መምሬ ይዩአት አሉ።

ይዩአት ሲሉ ስንዱን ከጎጆው ጀርባ ወስጄ አገጭሽን አውርጂ አልኋት። ግማሽ ድረስ መጣችና ቆመች። አመመኝ ብላ አለቀሰች። አምስት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ያልተለየች ልጅ መቼ፣ የትኛውን ኃጢአት እንደሠራች ላስታውስ ሞከርሁ። አንድ ጊዜ ከእማሆይ ስኳር ልሳለች። ለሷ ነው?

ለማንም እንዳትሰጪ ብላኛለች እናቴ። ስለዚህ አስተማርኋት። ከጉልበትሽ እጠፊ፣ ከወገብሽ ዝቅ በይ፣ አንገትሽን ተዪው አልኋት። ነጠላዬን ከራሷ እስከ ትከሻዋ አለበስኋት። እያለቀሰች ሦስት ጊዜ ተለማመደች፤ በአራተኛው ለኔም ያጎነበሰች መሰለችኝ። የዚያን ቀን ሰዉ ብዙ ነበር፣ ወደ ማብቂያው መምሬ ደክሟቸው መስቀሉን ለዲያቆኑ ሰጥተውታል። ዲያቆኑ በነጠላው ላይ መስቀሉን አሳርፎ አሳለፈን። እማሆይ፣ አዩአት ወይ? ሲሉኝ አዎ አልሁ። ስንዱን እጇን ይዤ ስመለስ መሬቱን የረገጥሁ አልመሰለኝም። በዚያ ደስታዬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አስታወከች። ውሃ ስሰጣት በአፏ ጠርዝ ወረደ። አዘልኋት፤ ሌላ ቀን ሳዝላት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ትተኛ ነበር፣ ያን ቀን ግን ራሷ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ቢሆንም ከምህላው ብንቀር መምጣታቸው አይቀርም ብዬ ሄድሁ። ተራችን ሲደርስ መስቀሉን የያዙት መምሬ ራሳቸው ናቸው። ነጠላውን ገለጥ አደረጉና ሳቅ እያሉ፣

«ስንዱዬ፣ እምብርትሽ አለ ወይስ ተሰረቀ? እስቲ እይልኝ» አሏት።

ልትስቅ ፈልጋ ነበር። ዓይኗን ወደ ታች ላከች፤ አንገቷ ግን አልተከተላትም። የመምሬ ሳቅ ከፊታቸው ላይ ሲጠፋ አየሁ። እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ስንዱን አንስቼ ሩጫዬን ለቀቅሁት።

እማሆይ ጎጆ ገባሁና መወርወሪያውን ጣልሁ። ሙቀጫውን አንከባልዬ በሩ ላይ አስደገፍሁት። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስንዱ መደቡ ላይ ሆና ታቃስታለች። ውጪ የእግር ድምፅ ተሰበሰበ። እማሆይ በምርኩዛቸው በሩን እያንኳኩ፣ አንቺ ጫማ ጎታች፣ ቤቱ እኮ የኔ ነው ይላሉ። አንድ ሰው በሩን እንስበረው አለ። መምሬ፣ ሙቀጫው ልጆቹ ላይ እንዳይወድቅ፣ ቆይ አንዴ አሉና አፋቸውን ወደ ስንጥቁ አስጠግተው ለምን እንደዘጋሁ ጠየቁኝ።

«እናቴ ለማንም እንዳትሰጪ ብላኛለች» አልሁ። «እናንተ የወሰዳችሁት ሁሉ ይሞታል። አያ አንለይም ሞቷል።»

ውጪ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንድ ሰው እየሮጠ ሲሄድ ሰማሁ። ጊዜው ለኔ እንደ ክረምት ረዘመብኝ፤ ሳሉጎቹ ያድሩበት የነበረው መጋዘን ግን ቅርብ ነው።

«እኔሳ መቼ ሞትሁ?» አለ አንድ ድምፅ። የጎጃም ንግግር ነው። «መርፌው ዘይት ነገር ነው፣ ለቂጤ አላዘነለትም እንጂ ለሌላው ደህና ነኝ። ሁለት ቀን በደረቴ ተኝቼ አድሬያለሁ። ይኸው፣ እይኝ።»

በስንጥቁ አየሁት። ከስቷል፣ በትር ተደግፏል፤ ግን አያ አንለይ ነው። መወርወሪያውን አነሳሁ፤ ሙቀጫውን ከውጪ እየገፉ ከፈቱት።

መምሬ አልተቆጡኝም። ስንዱን ከመደቡ አንስተው ታቅፈዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጡ። ቄስ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጥምጣማቸው ተፈትቶ ከኋላቸው ሲጎተት ጫፉን ይዤ ተከተልሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያ ሽታ ተቀበለኝ፣ የጋለው ሸራና ስፒሪቱ። ድሬሰሩ፣ መቼ ጀመራት? አለ። መምሬ፣ ዛሬ መሆን አለበት፣ ትናንት አጎንብሳለች አሉ።

«ትናንት ነው» አልሁ። «እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ከወገቧ ነው ያጎነበሰችው።»

ድሬሰሩ አንድ ጊዜ አየኝና ወደ መርፌው ተመለሰ። ወፍራሙ መድኃኒት በመርፌው ሲወርድ ዘገየ። ስንዱ አለማልቀሷ አስፈራኝ። ሲጨርስ፣ አሁን ያለው መጠበቅ ነው ብሎ እኔን አስወጣኝ።

ከድንኳኑ ገመድ አጠገብ ተቀመጥሁ። ጋኑን ማን እንደሞላው አላውቅም። መምሬ ተራ ሲጠብቅ የቀረውን ሰው ባርከው መጡና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። 

«ሰዉን አጎንብስ እያልሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርሁትም» አሉ። «ይፈራል ብዬ ነው። ለካ ሳልነግረው የበለጠ ፈርቷል።»

በዚያው ቀን በከሰዓቱ ምህላ ላይ ለሕዝቡ ሁሉ ተናገሩ። አንገት የሚገተረው በበሽታው እንጂ በኃጢአት አይደለም፣ መስቀሉ ማንንም አይመርጥም፣ የምመርጠው እኔ ነኝ፣ የምመርጠውም እንዲድን ነው አሉ። አያ አንለይን አቁመው ስለ መርፌው እንዲናገር አደረጉት። እሱም ምኑ ላይ እንደተወጋ በእጁ ሊያሳይ ሲል እማሆይ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። ከዚያ የሆነውን መቼም አልረሳም። አንዲት ሴት ከሰሌኗ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደችና ባሏን ደግፋ መጣች። አንድ አባት ከማሽላ ጎተራ ጀርባ ያስተኛውን ልጁን ተሸክሞ መጣ። የደበቅሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም።

ስንዱ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ ጣሳዬስ አለች። ድሬሰሩ ወጥቶ ሲነግረኝ ፈገግ ሲል መጀመሪያዬ ነው ያየሁት። ጣሳዋን ፍለጋ ወደ ፓምፑ መንገድ ሮጥሁ። አቧራ ሞልቶበት አገኘሁት።

እናቴ የመጣችው ኬላው ለእግረኛ በተከፈተ ዕለት ነው። አያቴ ድናለች። እናቴ ግን ወሬውን መንገድ ላይ ሰምታ ኖሮ፣ እግሯ ተሰነጣጥቆ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነው የደረሰችው። ስንዱ ተቀምጣ ሾርባ ስትጠጣ አየቻት፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች። ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። በጥፊ መታችኝ። ወዲያው ደግሞ ያንኑ ጉንጬን ይዛ አለቀሰች። ሰው ሁሉ አይዞሽ ቢለኝም ያልለቀቀኝ ነገር ከደረቴ የወረደልኝ በዚያ ጥፊ ነው፤ የሚቆጣኝ ሰው ስጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ስንዱ በጓሮ በር የወጣች ቀን እናቴ ዕቃውን ተሸክማ ከፊት ሄደች። እኔ በስንዱ በስተግራ ሆኜ እጇን ያዝሁ። ቀጭን ሆናለች፣ እንደ ጫጩት ነው የምትራመደው። እስክንርቅ ጠብቄ፣ ስንዱ፣ ያን ዕለት ነጠላ ያለበስሁሽ እንዳይወስዱብኝ ፈርቼ ነው አልኋት። ዝም አለች። ቂም ይዘሽብኛል? አልኋት። አሁንም ፊት ፊቷን እያየች ትሄዳለች። አውቃለች ማለት ነው፣ አኩርፋኛለች አልሁ በልቤ። ከዚያ እጇን ከእጄ ላይ አስለቀቀችው። ቆምሁ። 

እሷ ግን በጀርባዬ ዞራ በሌላው ጎኔ መጣችና ሌላውን እጄን ያዘችው።

«በዚህ በኩል አውሪኝ» አለች። «በዚያኛው ጆሮዬ አይሰማኝም።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ነገርኋት።